የዓሣ ቆዳ የለበሰው ቀስት

ልጅ ሳለሁ ጅግጅጋ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሮብሌ ይባላሉ። የልጅ ልጃቸው ሂቦ በሶማልኛ «አዎዌ»፣ አያቴ፣ እያለች ስለምትጠራቸው እኔም አዎዌ ነበር የምላቸው። አባቴ መምህር ነው፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጅግጅጋ ሲዛወር እናቴንና እኔን ይዞ መጣ። ይህ የማወራው ነገር የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፣ ትልቅ ሰው ነኝ ባይ ነኝ፤ ያንን ዓመት ሳስታውስ ግን ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር፤ በጠፋም ቁጥር የግቢው ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ በልቤ ደስ ይለኛል። መብራት ካለ ሂቦ ቴሌቪዥኑን ትከፍትና ሁሉም እዚያ ላይ ያፈጣል። ከጠፋ ግን አዎዌ በረንዳው ላይ የከሰል ምድጃቸውን አቀጣጥለው፣ ፋኖሷን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ የጅግጅጋ ነፋስ እንዳያጠፋባቸው ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። «ሼኮ ሼኮ» ይላሉ፣ ተረት ተረት እንደማለት ነው። «ሼኮ ሐሪር» ብዬ ካልመለስኩላቸው አይጀምሩም። አማርኛቸው በድሬዳዋና በጅግጅጋ መካከል የጭነት መኪና ሲነዱ በኖሩበት ዘመን የለቀሙት ነው። ቃል ሲጠፋቸው በሶማልኛ ይሞሉታል፤ ያም ካልሆነ በእጃቸው ይጨርሱታል።

ብዙ ተረት ያውቁ ነበር፤ እኔ ግን ነጋ ጠባ የምለምናቸው የቀስተኛውን ነበር። ድርቅ የጠናበት ዓመት ነው። ግመሎቻቸውን የሚነዱ ሰዎች ከብዙ ቀን ጉዞ በኋላ አንድ ጉድጓድ ይደርሳሉ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ግን አንበሳ ተኝቷል። ጦር የያዘው ሁሉ ወደ ኋላ ይላል። ከመንገደኞቹ ኋላ ራቅ ብሎ የሚከተል አንድ ቀስተኛ ነበር። አብረውት አይበሉም፣ ልጃቸውን አይድሩለትም፤ ቀስት ይዞ አውሬ እያደነ የሚያድር ሰው በእነሱ ዘንድ የተናቀ ነው። በዚያ ቀን ግን ይጠሩታል። «ምን እንስጥህ? ግመል?» ይሉታል። «ግመላችሁን አልፈልግም። እናንተ በምትጠጡበት ዋንጫ አንድ ጊዜ ልጠጣ» ይላቸዋል። ይስማማሉ። በአንዲት ፍላጻ አንበሳውን ይጥላል። ውኃው ይቀዳል፣ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ወደ ሰውየው እየቀረበ ይመጣል። እዚህ ላይ ሲደርሱ አዎዌ ዝም ይላሉ።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ መብራት መጣ» ይላሉ፣ መብራት ባይመጣም።

አንድ ቀን የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ከጉናጋዶ በኩል ሲመጣ፣ ደቢ የሚሉትን እንጨት በጆንያ ጠቅልሎ አመጣላቸው። ቀጥ ያለ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ክብደቱ የሚያስገርም እንጨት ነበር። አልጋቸው ሥር አስገብተው ለብዙ ሳምንታት አደረቁት። ምን ሊሆን ነው ብላቸው «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጨርሶ ሳይከዳኝ አንድ ቀስት ልሥራ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ተረቱን በጣም ስለምወድ ለእኔ ብለው የሚሠሩት መሰለኝ፤ ልጅ ሁሉ ነገር ለእሱ የሚደረግ ይመስለዋል።

ሥራው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስና ሂቦ ገና ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሳትመጣ ነበር። የውጭ በር ሲንኳኳ እንጨቱን ወዲያው አልጋው ሥር ይመልሱታል፤ ምስጥ እንዳይበላው ነው እል ነበር። በመጥረቢያ ጠረቡት፣ በቢላ ላጉት፣ በተሰበረ ጠርሙስ ፋቁት። ፍቅፋቂው እንደ ጥጥ እየተጠቀለለ ጭናቸው ላይ ሲከመር እኔ እየሰበሰብኩ ምድጃው ውስጥ እጨምራለሁ፤ ጭሱ ጣፋጭ ሽታ ነበረው። ቀስት ጀርባና ሆድ አለው፣ አሉኝ። ሆዱ ወደ ተኳሹ ይዞራል፣ ሲሳብም ይጨመቃል። ጀርባው ወደ ውጭ ይዞራል፣ እሱ ይለጠጣል። ከሆድ የፈለግሽውን ያህል ፋቂ፤ ጀርባውን ግን አትንኪ፣ ዛፉ እንደሠራው ይቅር።

ይህን ብለውኝ ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው ነኩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንዲት እብጠት ለማስተካከል ብለው ቢላዋን ሲገፉ ከጀርባው ላይ የጣቴን ያህል ስንጣሪ ተላጠ። አዎዌ ቢላዋን መሬት ላይ አስቀምጠው ያችን ቁስል በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሷት። ሲሳብ ከዚህች ቦታ እየተላጠ ይሰበራል፣ አሉኝ።

«አሁን ምን ይደረጋል?»

«ጅማት ነበር መድኃኒቱ። የጀርባ ጅማት በድንጋይ ወቅጠሽ፣ እንደ ክር ሰነጣጥቀሽ፣ በሙጫ ትለጥፊዋለሽ።»

«ታዲያ ከግመል አራጆቹ ልጠይቅልዎ? እኔ አመጣለሁ።»

«እንዳትጠይቂ!» አሉ፣ ደንገጥ ብለው። ከዚያ በፊት ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። የግመል የጀርባ ጅማት መጠየቅ ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ለከተማው መናገር እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያኔ አኩርፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እናቴ ዓሣ ትወዳለች። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፣ ሐይቅ ዳር ያደገች። ከበርበራ ባሕር በበረዶ ሳጥን ተጭኖ በቶጎጫሌ የሚገባ ዓሣ ገበያ በወጣ ቁጥር ሳትገዛ አትመለስም። ይህ ነገር ለእኔ መከራ ነበር። ዓሣ የተጠበሰ ቀን ሽታው ዩኒፎርሜ ላይ ያድራል፣ የክፍሌ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው «ዓሣ በሊታ» ይሉኛል። በአካባቢው በግመልና በፍየል የኖረ ሰው ዓሣ የሚበላን እንደ ምስኪን ነው የሚያየው። አዎዌም ቢሆኑ መጥበሻው ሲንጫጫ ከዘራቸውን አንስተው «ትንሽ ልንሸራሸር» ብለው ይወጣሉ፤ ጨዋ ስለሆኑ ግን ምክንያቱን ተናግረው አያውቁም።

ቀስቱ በተበላሸ ማግሥት እናቴ የገፈፈችውን የዓሣ ቆዳ ቆርቆሮ ሳሕን ላይ ረስታው አደረች። ጧት ልታጥበው ብትል አልላቀቅ አላት። በማንኪያ ብትል፣ በቢላ ብትል፣ አልሆነም።

«ወይ ጉድ! ይኼን ነገር በሙጫ የለጠፈው ማን ነው?» እያለች ስትነጫነጭ አዎዌ ከበረንዳቸው ሰሙ። መነጽራቸውን አድርገው መጡ፣ ሳሕኑን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ቆዳውን በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሽታው አስቸገረዎት...»

«ግድ የለም። ዳግመኛ ስታመጪ፣ ይሄን ቆዳ ለኔ ታስቀምጪልኛለሽ?»

እናቴ ያኔ የደነገጠችውን ድንጋጤ አልረሳም።

ሁለት ረጃጅም ቆዳዎች አመጣችላቸው። ቅርፊቱን እንዴት እንደሚያራግፉ፣ ሥጋውን በማንኪያ ጠርዝ እንዴት እንደሚፍቁ፣ ስቡ በሳሙና ደጋግሞ ካልታጠበ ሙጫ እንደማይዘው አሳየቻቸው፤ አዎዌ አፍንጫቸውን በሻርፕ አስረው፣ ዓይናቸው እያነባ፣ እንደ ተማሪ ተከተሏት። ከተራረፈው ቆዳና ክንፍ እኔ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ሙጫ አፈላሁ። እስኪወፍርና ጣት ከጣት እስኪያጣብቅ ድረስ ፍም ላይ ተንፈቀፈቀ። ሂቦ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «ግቢያችን በርበራ ሆነላችሁ!» ብላ ሳቀች። ቀስቱን ግን አላየችም፣ አዎዌ ፎጣ ጣል አድርገውበት ነበር። ሂቦን አሳድገው፣ አስተምረው ለሥራ ያበቋት እሳቸው ናቸው፤ አባቷ፣ የአዎዌ ልጅ፣ ትንሽ ሳለች ነው የሞተው።

በእርጥቡ ቆዳውን በቀስቱ ጀርባ ላይ ከመሐል ወደ ጫፍ እየሳቡ አለበሱት፤ አረፋ እንዳይቋጥር እኔ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ተከተልኳቸው። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሻሽ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ አጋደምነው፤ ፀሐይ ካገኘው ይኮማተራል። አሥር ቀን መጠበቅ ነበረብን።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ ምሽት፣ ሂቦ የማታ ተራ ገብታ ሳለ፣ መብራት ጠፋ። ፋኖሷ ተሰቀለች፣ ምድጃው ጋመ፣ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለው ቀስት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ እኔም ያንኑ ተረት ጠየቅሁ። ዋንጫው ወደ ሰውየው ሲደርስ «ከዚያስ?» አልኩ። ያን ቀን መብራት መጣ አላሉኝም።

«አልሰጡትም» አሉ። «የተረፈውን ውኃ አሸዋ ላይ ደፉት። ሰውየው አባቴ ነበር። ጌዲ ይባላል። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ በጣም ጠምቶኛል።»

ልጅ ነኝና ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። «አንበሳውስ እውነት ነው?»

«አንበሳው ጅብ ነበር። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።» ፍሙን በእንጨት ጫሩት። «ይሄ ሼኮ ያንቺና የኔ ነው፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። ስጦታ የሰጡኝ ነበር የመሰለኝ። አደራ መሆኑን ማን በነገረኝ።

ሻሹ በተፈታበት ቀን የቀስቱ ጀርባ ቅርፊቱ በነበረበት ሁሉ እንደ ዓይነ ርግብ ያለ ደቃቅ መረብ ተዘርግቶበት፣ ብርማ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ቁስሉ አይታይም። ከማዳበሪያ ከረጢት በተፈታ ክር የቀስቱን አውታር ገምደን አበጀን፤ ቀስቱን ሚስማር ላይ ሰቅለን ቀስ በቀስ ቁልቁል እየሳብን የትኛው ጎን እንደማይታጠፍ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ፣ የሚፍቁት እሳቸው። «የግራው ሰነፈ» ስላቸው ግራውን በጠርሙስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞርዱታል፣ እንደገና እንሰቅላለን። በመጨረሻ ከቤት ጀርባ ጆንያ ላይ አንድ ፍላጻ ሰደዱ። ቀስቱ አልተሰበረም። አዎዌ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ፣ ያው የዓሣው ሽታ ያለበት ሻርፕ ነው። ቀስቱን ጠቅልለው አልጋቸው ሥር መለሱት።

ወር ሳይሞላ የሂቦ ነገር መጣ። ቶጎጫሌ የሚነግድ ቤተሰብ ልጅ ይወዳታል፣ ትወደዋለች፤ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠይቋት መጡ። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ትራስ ተደረደረ፣ እናቴ ሻይ በወተት አፈላች፣ እኔ ስኒ አመላላሽ ሆንኩ። ሂቦ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣለች፤ በአጠገቧ ሳልፍ እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝ።

በሶማሌ ወግ ሰው ማንነቱን የሚናገረው ስም በመቁጠር ነው፤ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እንግዶቹ ቆጠሩ። ተራው የአዎዌ ሆነ። «ሮብሌ፣ ሐሰን፣ ፋራህ፣ ዋርሳሜ...» እያሉ ሳይደናቀፉ ወረዱት። እኔ ስኒ እያነሳሁ ነበር። ሶማልኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ስም ለመስማት ቋንቋ አያስፈልግም። አዎዌ አርጅተዋል፣ ረሱ፣ እንግዳ ፊት ሊያፍሩ ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ልረዳቸው ፈለግሁ።

«አዎዌ፣ ጌዲን ዘለሉት!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አባትዎን! ቀስተኛውን!»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ አማርኛ የሚያውቀው፣ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ ፈገግ አለ። «ልጅ ናት፤ ተረት ቀላቅላ ነው። አይደል?» አላቸው አዎዌን። አዎ ቢሉ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሰውየው በሩን ከፍቶላቸው ነበር፣ ምናልባትም አውቆ። አዎዌ ወደ መጋረጃው ተመለከቱ። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ወደ ክፍላቸው ገቡ፣ ቀስቱን ይዘው ወጥተው ምንጣፉ መሐል አስቀመጡት። በሶማልኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ውስጥ እኔ የያዝኩት «አባቴ» እና «ጌዲ» የሚሉትን ብቻ ነው።

እንግዶቹ ክፉ ቃል አልተናገሩም። በጨዋ ደንብ መረቁ፣ ተሰናበቱ፣ እንመለሳለን አሉ። አልተመለሱም። ልጁ ለጥቂት ቀናት ለሂቦ ሲደውል ሰነበተና እሱም ተወ።

የዚያኑ ዕለት ማታ አባቴ ምን እንዳደረግሁ አስረዳኝ፤ እናቴ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ሂቦ በራችን ላይ መጥታ ቆመች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። «ማርታ፣ እኔ ምን አደረግሁሽ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት፣ በአንድ የውኃ ቧንቧ እየቀዳን፣ አላናገረችኝም።

ይቅርታ ልጠይቅ አባቴ እጄን ይዞ ወደ አዎዌ ወሰደኝ። ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። እያለቀስኩ ስለነበር ቃሉ አልወጣልኝም። ከአጠገባቸው አስቀመጡኝና በዚያች በተሰባበረች አማርኛቸው ነገሩኝ። ጌዲ ሲሞት እሳቸው የእኔን ያህል ልጅ ነበሩ። ሐሰን የሚባል ደግ የከብት ነጋዴ እንደ ልጁ አሳደጋቸው፣ የራሱን ስሞች አስቆጠራቸው፤ የቀስቱን ነገር ግን ለማንም እንዳትናገር አላቸው። አልተናገሩም። ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ልጅ ቀብረው፣ አልተናገሩም።

«ስድሳ ዓመት ሙሉ አባቴን ስዘለው» አሉ፣ «አንድም ሰው አላረመኝ። አንቺ አረምሽኝ።»

ምስጋና ይሁን ወቀሳ ያኔ አልለየሁትም። ዛሬም በደንብ አልለየሁትም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ቀስቱ አልጋ ሥር አልገባም። አዎዌ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ሂቦ ታወርደዋለች፣ እሳቸው መልሰው ይሰቅሉታል፤ በመጨረሻ ማውረዱን ተወች። አዎዌ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። እኛም ብዙ ሳንቆይ ሌላ ሰፈር ተከራየን።

ባለፈው ዓመት ሂቦ ራሷ ደውላ ጠራችኝ። አውበሬ ነው የምትኖረው፤ ባሏ የጤና ባለሙያ ነው፣ የአዎዌን ነገር ሁሉ መጀመሪያ ቀን ነግራው ነው ያገባችው። አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለቻት። በሚኒባስ ሄድኩ። ራት በልተን ስንጨርስ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ «አሁንም ይቅር አላልኩሽም፤ ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ያን ልጅ ትወደው እንደነበር አውቃለሁ። እኔ በአንድ ጩኸት የወሰድኩባትን ነገር የሚመልስ ይቅርታ ከየት ይመጣል? ከነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልሽ ብባል፣ ጭሱም ፍሙም ተረቱም ቀርቶልኛል እላለሁ፤ ከሁሉ በላይ አብሮኝ የቀረው ግን ለአንድ ሰው እውነት መመለስ ከሌላ ሰው እጅ ደስታውን ሊነጥቅ እንደሚችል ማወቄ ነው። ብዙ ጊዜ፣ ያን ዕለት ዝም ብል ኖሮ፣ እላለሁ፤ ቀጥሎ ያለውን ግን ጨርሼው አላውቅም።

ሕፃኗ ከመተኛቷ በፊት እናቷ ስም ታስቆጥራት ነበር። የአባቷን ወገን ጨረሰችና ወደ እናቷ ወገን መጣች። ከራሷ ጀምራ፣ በእናቷ አልፋ፣ የእናቷን አባት ጠርታ፣ «ሮብሌ» ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀጥሎ ያለው ጠፋት። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ወደ እናቷ አየች።

ሂቦ ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ቀና ብላ አየችኝ።

«አርሚያት» አለችኝ።

ልጅቷ ሁለቴ ጠይቃኝ ነው የነገርኳት።